ደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት በካርብረተር ዲኤክስ፦ የቤንዚን ወጪ ከየት ይቀነሳል?

ጠባሴ28

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርብረተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)። መንገዷ ከደብረ ብርሃን በጣርማበር ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ነው። ደርሶ መልስ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ አራት ሰውና ፖርቶ መጋላ ላይ ዕቃ ትይዛለች። ሐምሌ 2014 ላይ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረ ቤንዚን ታህሳስ 2017 ሲያልቅ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። የተሳፋሪው ታሪፍ ግን እንደ ቤንዚኑ አይሮጥም።

ሰው ሁሉ የየራሱን መድኃኒት ያዛል። አንዱ «ጄቱን (የካርብረተሩን የቤንዚን ቀዳዳ) አሳንሰው» ይላል። ሌላው «ከጣርማበሩ ዋሻ ስትወጣ ዜሮ ማርሽ አርገህ ልቀቃት፣ ደብረ ሲና ድረስ በነጻ ነው» ይላል። ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው) «እንዳትግል» ተብሎ ድሮ ወጥቷል። ካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን የሚለኩሱት) ጥቁር ናቸው፣ ጭስ ማውጫዋም ጥላሸት ይዟል። መቶ ኪሎ ሜትሩን በስንት ሊትር እንደምትሄድ በትክክል አይታወቅም፤ ያለው የጌጁ ወሬ ብቻ ነው። ከየት ይጀመር? በአንዴ ብዙ ብር ማውጣት ስለማይቻል በቅደም ተከተል ብትነግሩኝ።

ደብተር ያዥ

ከልኬት ጀምር ወንድሜ። ሳይለካ የተደረገ ጥገና ጠቅሞ ይሁን ጎድቶ አይታወቅም። የዲኤክስ ጌጅ ደግሞ ተንሳፋፊው ሲያረጅ ዳገት ላይ ሌላ፣ ቁልቁለት ላይ ሌላ ያወራል።

አንድ ማደያ ምረጥ፤ ቆጣሪውም አንድ ይሁን። ሙላና አፍንጫው መጀመሪያ ሲቆርጥ አስቁመው፤ «ትንሽ ጨምርበት» የሚባል ነገር የለም። ኪሎ ሜትሩን ጻፍ። ደርሶ መልሱን ሂድና እዚያው ቆጣሪ ጋ፣ መኪናዋን በዚያው አቅጣጫ አቁመህ እንደገና ሙላ። የገባውን ሊትር በኪሎ ሜትሩ አካፍለህ በ100 አባዛ። 190 ኪሎ ሜትር ሄደህ 19 ሊትር ከገባ፣ በመቶ 10 ሊትር ነው። ሦስት ጊዜ ለክተህ አማካዩን ያዝ፤ አንዱ ልኬት ብቻውን አንድ ሊትር ሊዋሽ ይችላል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቀኑና ብሩ ተመዝግቦ ይቀራል፤ አንተ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ጨምርበት።

ጎማህ ከመጀመሪያው ቁጥር ከተለወጠ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል። የስልክ ካርታ ከፍተህ 20 ኪሎ ሜትር አስተያየው። ቆጣሪው 20 ሲል ስልኩ 19 ካለ፣ ሂሳብህ ሁሉ 5 በመቶ አሳምሮ ነው የሚነግርህ።

ለስሌት ሊትሩን 120 ብር እንበል፤ የዕለቱን ዋጋ አንተ ተካበት። በ10 ሊትር የምትሄድ መኪና በኪሎ ሜትር 12 ብር ታቃጥላለች። ወደ 8 ተኩል ከወረደች 10 ብር ከ20 ሳንቲም። ልዩነቱ ለአንድ ደርሶ መልስ 342 ብር ነው። አንድ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ዋጋውን ለዚህ ቁጥር አካፍለው፤ በስንት ምልልስ እንደሚመለስ ያን ጊዜ ታየዋለህ።

ካንዴላ

ደብተር ያዥ እንዳለችው ለካ። ከዚያ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው የሚኬደው፤ ጄቱ መጨረሻ ነው።

ቴርሞስታቱን መልሰው። ይህ ቁጥር አንድ ነው። ደጋ ላይ፣ ያውም የኅዳርና የታህሳስ ውርጭ ባለበት አገር፣ ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር ሙቀቱን አይሞላም። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ ከፊሉ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ዘይት ውስጥ ይወርዳል። ሾፌሩም እየተንገራገጨችበት ቾኩን (ለማስነሻ አየር አፍኖ ቤንዚን የሚያበዛውን) ቶሎ አይመልስም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ከሸተተ ወይ ይኸው ነው፣ ወይ የቤንዚን ፓምፑ ሸራ ተቀዷል። የተቀደደ ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይር፤ ዘይቱንም ጭምር።

ቴርሞስታቱ ገብቶ ከጋለች ጥፋቱ የቴርሞስታቱ አይደለም። የራዲያተሩን ክዳን እይ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ጎማው ደህና የሆነ ክዳን ግን መፍያውን ከ110 በላይ ያወጣዋል። ብዙ «ሞተሯ ትግላለች» የሚባል ነገር የክዳን ጎማ ነው።

ቾክ። ገመዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ መልሰህ የፊልትሮውን ክዳን አንሳና ከላይ ወደ ካርብረተሩ ጉሮሮ ተመልከት። ቢራቢሮዋ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ትንሽ ካዘነበለች ቀኑን ሙሉ ቾክ እንደሳብክ ነው። ገመዱን ዘይት አጠጣው፣ ርዝመቱንም አስተካክል።

የአየር ፊልትሮ። ወደ ብርሃን አንሣው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀየር። ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይነፋም፤ አቧራውን ይቀረቅረዋል። በካርብረተር መኪና የታፈነ ፊልትሮ እንደ ቾክ ነው የሚሠራው።

የቤንዚን ደረጃ። በካርብረተሩ ጎን ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ሞተሩ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ) ሲሠራ ቤንዚኑ መካከሏ ላይ መታየት አለበት። ሙሉ ከሆነች ተንሳፋፊው ከብዷል ወይም መርፌዋ አትዘጋም፤ ያ ቤንዚን በቀጥታ ይፈሳል። መርፌዋና መቀመጫዋ አብረው ይቀየሩ፤ አንዷን ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው።

ካንዴላ። ክፍተቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ማለት ቤንዚን በዝቷል፤ ጥቁር እርጥብ ቅባት ማለት ዘይት ነው፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። ደህናው ቀለም የቡና ወተት መስሎ ነው የሚታየው።

ሚኒሞ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የድብልቁን ቪቴ ቀስ ብለህ እስከ መጨረሻው አስገባ፤ አታስጨንቀው፣ ጫፉ ይጎዳል። ከዚያ ሁለት ዙር ፍታ። ከዚያ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልግና ድምፁ ትንሽ ዝቅ እስኪል መልሰህ አጥብቅ። ይህን ማስተካከያ ደብረ ብርሃን ላይ አድርገው።

አሁን ወደ ጄቱ። ጄት ማለት ቤንዚን የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቪቴ ናት፤ 100 የተጻፈባት ቀዳዳዋ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርብረተሩ ይህን በራሱ አያካክስም፤ ለባሕር ጠለል የተለካች ጄት እዚህ 15 በመቶ ገደማ የበዛ ቤንዚን ትሰጣለች። ለደብረ ብርሃን ብቻ ቢሆን 100ን ወደ 93 ማውረድ ይገባ ነበር። አንተ ግን 1,300 ሜትር ድረስ ትወርዳለህ። ያቺው 93 ሸዋ ሮቢት ላይ 7 በመቶ ያህል ታጎድላለች። በቆላ ሙቀት ጭነት ይዘህ ወደ ደብረ ሲና ስትወጣ ድብልቁ ከጎደለ፣ ካርብረተሩ መልሶ «ጧ» ይላል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ቀጥሎ ባልቦላ ይቃጠላል። የአንድ ባልቦላ ሥራ የስንት ወር ቤንዚን ይበላል?

ስለዚህ ከ100 ወደ 96፣ እሱም የመጀመሪያውን ጉሮሮ ጄት ብቻ። ሁለተኛው ጉሮሮ ዳገት ላይ ሙሉ ስትረግጥ የሚከፈተው ነው፤ ሞተሩን በጭንቅ ሰዓት የሚያድነው እሱ ስለሆነ አይነካ። ከመግዛትህ በፊት በእጅህ ያለችው ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ቀድሞ ያሳነሰ ሰው ሊኖር ይችላል። ቀዳዳዋን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በመርፌ የሚበሳ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። በሽቦ መጥረግም ያው ነው፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ይሰፋል።

የጉም አገር

ካንዴላ የጄቱን ነገር በደንብ አስቀምጦታል፤ እኔ እንኳ ለዚህ መስመር ጄት ባይነካ እመርጣለሁ። ከላይ የዘረዘራቸው ስድስቱ ከተስተካከሉ ጥላሸቱ አብዛኛው ይጠፋል። ካልጠፋ ያን ጊዜ ጄት።

ስለ ዜሮ ማርሽ። እንደ ቁጠባ የሚነገረው ይህ ነገር በሂሳብም አያዋጣም። ሞተሩ በሚኒሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው። ባለ ካርብረተር መኪና በማርሽ ስትወርድ ከዜሮው በጥቂቱ ልትበልጥ ትችላለች፤ ልዩነቱ ግን የስኒ ነው። በምትኩ የምትከፍለው ፍሬን ነው። በዜሮ የለቀቃት መኪና የያዘችውን ክብደት ሁሉ የፍሬን ሸራው ብቻ ይሸከማል። ሸራው ይግላል፣ ይንሸራተታል፣ የፍሬን ዘይቱ ውሃ የጠጣ ከሆነ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። በዚያ ጉም ውስጥ፣ ከፊትህ ቅጥቅጥ አይሱዙ እየተንፏቀቀ። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የፍሬን ማገዣው ከሁለት ከሦስት እርግጫ በኋላ ይሞትና ቁልፉ ሲወጣ መሪው ይቆለፋል።

የወጣህበት ማርሽ የምትወርድበት ነው። ሦስተኛ፣ ሹል ኩርባ ላይ ሁለተኛ።

እውነተኛው ቤንዚን ያለው መውጫው ላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ከ1,800 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ሰው ጭና አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ የምትመዝን መኪና ለከፍታው ብቻ፣ መንገዱን ሳንቆጥር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ትበላለች። በዚህ ሂሳብ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሩብ ሊትር ሊጠጋ ነው። ስለዚህ የዕቃ ሣጥኑ ውስጥ የከረመ ብረት፣ ትርፍ ባትሪ፣ ሁለተኛ ክሪክ ካለ ቤት ይቅር። ተጠባባቂ ጎማው ግን አይነካም። ለዕቃውም ክፍያ ስትነጋገር ይህችን ሩብ ሊትር አስባት፤ ሽንኩርት ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣና ድንች ወደ ታች ሲወርድ ዋጋው አንድ መሆን የለበትም።

አወጣጡ፦ አራተኛ ማርሽ ላይ ፔዳሉን ወለል አስነክቶ ሞተሩን ማስቃተት ትልቁ ብክነት ነው። በካርብረተሩ ውስጥ ሙሉ ሲረገጥ ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቅ ባልቦላ አለ፤ በከፍታ ላይ ደግሞ የሞተሩ ስበት ስለሚቀንስ ቀድሞ ይከፈታል። ወደ ሦስተኛ ውረድ፣ ፔዳሉን ሦስት አራተኛ ላይ ያዝ፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ ይዙር። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ይዘህ ግባ፤ ከቆምክ በኋላ እንደገና ማስነሳት ነው ቤንዚን የሚጨርሰው።

ፖርቶ መጋላውን ባዶ ከሆነ አውልቀው። አራት ብሎን ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ባለው ሜዳ ላይ ነፋሱን የሚያውቅ ይህን አይከራከርም።

ጎሚስታው

የጎማና የፍሬን ክፍል ስላልተነካ ልጨምር።

ነፋስ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ይለካ። ሸዋ ሮቢት ደርሰህ ወዲያው ብታስለካ ጎማው ከመንገዱ ስለጋለ ከ3 እስከ 5 ቁጥር (ፒኤስአይ) በትርፍ ያሳያል። «በዝቷል» ብሎ ያስተነፈሰ ሰው በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ በልል ጎማ ነው የሚነዳው። መጠኑ በሾፌሩ በር ደፍ ላይ ተለጥፏል። ወረቀቱ ከጠፋ ለዲኤክስ 28 እስከ 30፣ ሙሉ ጭነት ሲኖር ኋላውን 32 አርገው። ከዚያ በላይ የሚነፉ አሉ፤ ጥቂት ይቆጥባል፣ ግን መካከሉ ይበላል፣ በዝናብ ጊዜም አይይዝም።

አንድ የሚገርም ነገር፦ ቆላ ላይ በቀዝቃዛ ጎማ 30 የሞላኸው ደብረ ብርሃንም ሲደርስ 30 አካባቢ ነው። ብርዱ ሁለት ቁጥር ያወርደዋል፣ የአየሩ መሳሳት ሁለት ቁጥር ያወጣዋል። ስለዚህ በየከተማው ማስነፋትና ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ አንድ ቦታ፣ በሳምንት አንድ ቀን።

የሚይዝ ፍሬን ከጄት የበለጠ ቤንዚን ይበላል። ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ፍሬን ብዙ ሳትነካ ነድተህ ቁም፤ የአራቱንም ቸርኬ ሙቀት በእጅህ ጀርባ አስተያይ፣ ሳትነካ አቅርበህ ብቻ። አንዱ ለብቻው ከጋለ እሱ ይዟል። በክሪክ አንስተህ በእጅ አዙረው፤ የፊት ጎማ በቀላል ግፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር መሄድ አለበት። የፊቱ ከያዘ ማንሸራተቻ ፒኖቹ ደርቀዋል ወይም ፒስተኑ ዝጓል። የኋላው ከያዘ ብዙውን ጊዜ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ነው፤ ዝናብ ካለፈ በኋላ ይብሳል። ፒን አውጥቶ ጠርጎ ሙቀት የሚችል ግሪስ መቀባት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አላይመንትም እይ። የፊት ጎማ ጠርዙን በመዳፍህ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ዳብሰው። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከቧጠጠህ ጎማው በመንገዱ ላይ እየተጎተተ ነው።

አረርቲ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ይህ ሁሉ ለካርብረተር ነው። ቪትዝ፣ ባለ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑ በኮምፒውተር የሚረጭላት) ከሆነችስ? ቁልቁለቱ ላይስ ያው ነው?

ካንዴላ

ለቪትዝ ቁልቁለቱ ላይ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። በማርሽ ሆና እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ ይቆርጠዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ስታደርጋት ግን እንዳይጠፋ ብሎ እንደገና ይረጫል። ስለዚህ በዜሮ የሚወርድ ቪትዝ ፍሬኑንም ቤንዚኑንም ነው የሚያቃጥለው። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ ወደ ታችኛው ማርሽ አውርዳት።

ከፍታውንም ራሷ ታስተካክላለች፤ ጄት የሚባል የለም። ስካነር አሰካና ሁለት ቁጥር ጠይቅ። የውሃው ሙቀት ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላ ከ80 በታች ከሆነ ቴርሞስታቱ ወጥቷል ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። የረጅም ጊዜ ነዳጅ ማስተካከያው (ኮምፒውተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳየው) ደግሞ በፕላስና በማይነስ 10 በመቶ መካከል ይሁን። ማይነስ 15 ካለ የሆነ ቦታ ቤንዚን ይበዛል፦ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የሚዋሽ ሴንሰር። ፕላስ 15 ካለ አየር እየገባ ነው፣ ላስቲኮቹን እይ። የኦክስጅን ሴንሰር ሳይለካ በግምት አይቀየር፤ ውድ ነው።

ሦስት እግር

ለባጃጆች ባጭሩ። ተራ ስትጠብቁ አጥፉት። ባለ አራት ምቱ ካንዴላ 0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይከፈት፣ ፊልትሮውን በአቧራ ወቅት በየሳምንቱ አራግፉ። የድሮው ባለ ሁለት ምት ያለው ሰው ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይለካ። ቤንዚን ተወደደ ብሎ ዘይቱን የቀነሰ ፒስተን ያስይዛል፤ «ይጠንክርለት» ብሎ ያበዛም ጭስ ማውጫውን በካርቦን ይደፍነዋል፣ ጉልበት ሲያጣ ደግሞ ብዙ ይጠጣል።

ደብተር ያዥ

ሰልፍ ሲረዝም ከጄሪካን የሚገዛ ስለማይጠፋ አንድ ነገር። የጄሪካን ቤንዚን ከማደያው በላይ ተከፍሎበት ላምባ ከተቀላቀለበት ኪሳራው ድርብ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ተንኖ ምንም አይተውም፣ ላምባ ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል። በጠርሙስ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከታች ይለያል። ላምባ የገባበት ሞተር ዳገት ላይ ይንኳኳል፣ ጠዋትም አልነሳ ይላል።

ቤት ውስጥ ማከማቸት ደግሞ፣ ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ተብሎም ቢሆን፣ አይሆንም። ሽታው ከከሰል ምድጃ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ታንኩንም ደብረ ብርሃን ላይ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ አታቁሙ፤ ቤንዚን በሙቀት ያብጣል፣ የተከፈለበት በክዳኑ ይወጣል።

ጠባሴ28

እግዜር ይስጥልኝ። ልኬቱ ተጀምሯል። የመጀመሪያው 11 ነጥብ 4 ነው፤ ሁለቱ ይቀራሉ። መስታወቷ ላይ ቤንዚኑ ከመካከል በላይ ነው፣ የኋላ ቀኝ ቸርኬም ለብቻው ይግላል። ሱቅ ላይ የ82 እና የ88 ዲግሪ ቴርሞስታት አለ፤ የትኛው ይሁን?

ካንዴላ

ሁለቱን ሌቦች አገኘሃቸው፤ መርፌዋንና የእጅ ፍሬኑን ጄት ሳታስብ ጨርስ። ቴርሞስታቱ 82 ይሁን፤ ለቆላውም ለደጋውም ይበቃል። ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተህ ክተተውና ሲከፈት እይ፤ ያልከፈተ አዲስ ዕቃም አለ። ሲገጠም ምንጩ ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ። ጋስኬቱ አዲስ ይሁን። ውሃውን ክዳን ከፍተህ በሚኒሞ እየሠራች ሙላ፤ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቅ፣ የማሞቂያውንም ቧንቧ ክፈተው። እዚያ አየር ከቀረ ደብረ ሲና ሳትደርስ ትግልና ቴርሞስታቱን እንደገና ያስወጡሃል።